እፍረቱና ንዴቱ እስኪለቁን መጠበቅ የለብንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በከተማችን በጅማ በብዙ ቤቶች ውስጥ የሚሆነውን እንደ መምህር በቅርብ የማየት ዕድል ስላለኝ፣ ወላጆችና ተማሪዎች ሊያስቡበት ይገባል የምለውን አንድ ነገር በጋዜጣችሁ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የፈተና ዙር ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ነጥብ ያልመጣለት ልጅ በየሰፈሩ ብዙ አምሳያ አለው ማለት ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ብቻውን የወደቀ ይመስለዋል። ስልኩን ያጠፋል፣ ጓደኞቹን ይሸሻል፣ ሰው ከሚበዛበት ከመርካቶ መንገድ ይልቅ የጓሮውን መንገድ ይመርጣል። አባት ይቆጣል፤ ከቁጣው ሥር ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለልጁ ነገ ያለው ስጋት ነው። እናት አዝና ዝም ትላለች። ሦስቱም በየልባቸው «ትንሽ ይብረድልኝ» ይላሉ፤ አባት ንዴቱ ሲያልፍ ሊያነጋግረው፣ ልጁም እፍረቱ ሲለቀው መጽሐፉን ሊገልጥ ያስባሉ። በዚህ መካከል የማካካሻ ትምህርቱም፣ የቴክኒክና ሙያውም፣ በድጋሚ የመፈተኛውም ምዝገባ ሳይታወቅ ያልፋል።

እኔ እንደማምነው ቅደም ተከተሉ የተሳሳተ ነው። ስሜቱ ሳይለቀንም የምናከብረውን ነገር ማድረግ እንችላለን፤ ደግሞም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚጋራው በለቅሶ ልማዳችን ዘወትር እናደርገዋለን። የተቀያየሙ ጎረቤታሞች ከአንደኛው ቤት ሰው ሲሞት ቅያሜያቸው እስኪጠፋ አይጠብቁም፤ ድንኳን ይተክላሉ፣ ቀብር ይወጣሉ፣ አብረው ተቀምጠው ያጽናናሉ። ቅያሜው በዚያ ቀንም አብሯቸው ሊኖር ይችላል፤ እግራቸውን ያንቀሳቀሰው ግን ጎረቤትነት ነው። ለሱብሂ ሶላት የሚነሣውም ሆነ ለኪዳን ማልዶ የሚወጣው ምእመን እንቅልፉንና ብርዱን እንደያዘ ነው የሚሄደው። ለሞተ ሰው የምናደርገውን በሕይወት ላለ ልጃችን የማናደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ ሐሳብ በሳይንሱም ዘንድ ቦታ ያለው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስቲቨን ሄይዝ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት የሕክምና ዘዴ፣ ሰው ከሚያስጨንቀው ስሜት ጋር መታገሉን ትቶ ስሜቱ መኖሩን እንዲቀበልና ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ለይቶ በዚያ አቅጣጫ እንዲራመድ ያስተምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚሁ ላይ የተመሠረተ፣ ባለሙያ ባልሆኑ ነገር ግን አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሰዎች የሚመራ የአምስት ክፍለ ጊዜ መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። መርሐ ግብሩ በሰሜን ኡጋንዳ በራይኖ የስደተኞች ሰፈር 694 ደቡብ ሱዳናውያን ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት የተሞከረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት መርሐ ግብሩን የተከታተሉት ሴቶች ጭንቀት ካልተከታተሉት ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል። ጦርነት ያፈናቀላቸው ሴቶች ሊጠቀሙበት የቻሉትን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

ይህን ስል ግን «ቻለው፣ አታልቅስ» ከሚለው የተለመደ ምክር ጋር እንዳይምታታብኝ እሰጋለሁ። እንባን መከልከል ሌላ ነው። አባት ድምፁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን «ተናድጃለሁ፤ እራት ግን አብረን እንበላለን፤ ነገም አብረን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደን ቀጣዩን እንጠይቃለን» ቢል፣ ንዴቱን አልደበቀም፤ ነገር ግን ለልጁ ምን ዓይነት አባት መሆን እንደሚፈልግ የወሰነው ንዴቱ አይደለም። ተማሪውም እንደዚሁ ነው። ነጥብ ማምጣት ግብ ስለሆነ ይገኛል ወይም ይታጣል፤ ለመማር መትጋት፣ በሐቅ መሥራት፣ ለታናናሾች አለኝታ መሆን ግን ውጤቱ በተገለጸ ማግሥትም ከእጁ የማይወጡ ናቸው። እፍረቱ እንዳለ ሆኖ ታናሽ እህቱን ሒሳብ ያስጠናት ልጅ፣ በዚያች ሰዓት ውጤቱ ያልወሰደበትን ሕይወት እየኖረ ነው።

በእርግጥ ሁሉም ነገር በዚህ መንገድ አይፈታም። እንቅልፍና ምግብ ለቀናት የራቀውን፣ ወይም መኖር እንደማይፈልግ የሚናገረውን ወጣት ምክር እየሰጡ ማቆየት አደገኛ ስለሆነ ቤተሰቡ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊወስደው ይገባል፤ በከተማችንም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል።

የከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት በሚገለጽበት ሳምንት መምህራንን ወደ ተማሪዎች ቤት ቢልኩ፣ የየሰፈሩ ዕድሮችም ለሐዘን ቤት የሚመድቡትን ሰው ለነዚህ ቤቶች ጭምር ቢያስቡ እጅግ ይጠቅማል። ጋዜጣችሁም ከውጤቱ መገለጫ ቀን አስቀድሞ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለወላጆች የሚጽፉበት ዐምድ እንዲከፍት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ከጅማ