ይድረስ ለአዘጋጁ፦ «ፍሊፕድ»ን ረሳችሁት

ስለ መጀመሪያ ፍቅር ፊልሞች ስትጽፉ የዳይሬክተር ሮብ ራይነርን ፊልም «ፍሊፕድ»ን (እ.ኤ.አ. 2010) መዝለላችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ጁሊ ጎረቤቷን ብራይስን ገና ሰፈር ሲገባ ትወደዋለች፣ እሱ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ይሸሻታል፤ ያንኑ ነገር አንዴ በእሱ፣ አንዴ በእሷ ዓይን እናየዋለን። እኔን የያዘኝ የእንቁላሉ ነገር ነው። ከራሷ ዶሮዎች ሰብስባ ቤታቸው ድረስ ታመጣለች፣ እሱ ግን «አንፈልግም» ማለት አቅቶት ተደብቆ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። ፈሪ! (እኔም በዚያ ዕድሜዬ ከእሱ አልሻልም ነበር፣ ይሄ በመካከላችን ይቅር።) የምትወደው ዛፍ ሊቆረጥ ሲል ደግሞ እላዩ ላይ ወጥታ አልወርድም ስትል፣ ኧረ ስንቱን ልንገራችሁ። መጨረሻ ላይ አብረው ችግኝ ሲተክሉ እጃቸው ይነካካል፣ አለቀ። መሳሳም እንኳ የለም። በሚቀጥለው ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ