«ጥቁርና ነጭ እኮ ነው» ስላላችሁት የእናቴ ሥዕል

ለሥዕል ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእናቴን ሥዕል ከፎቶዋ አይታችሁ በእጅ እንድትስሉልኝ ማዘዜን ታውቃላችሁ። ቀኑም ክፍያውም ቴሌግራማችሁ ላይ ስላለ እንደገና አልደረድረውም። ይህን የምጽፈው ሐሙስ ዕለት በስልክ ስለተባልኩት ነገር ነው።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ስልኩን ላነሳው ልጅ «የመጣልኝ ሥዕል በእጅ የተሳለ አይደለም፣ ፕሪንት ነው» አልኩት፣ ድምፄን ሳልጨምር። «አይ እህቴ፣ በእጅ ነው» አለኝ። በስልኬ ካሜራ አቅርቤ ያነሳሁትን ላኩለት። ትንሽ ዝም አለ። አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። ከዚያ ተመልሶ ምን አለኝ? «እህቴ፣ ጥቁርና ነጭ እኮ ነው፣ በእጅም ተሳለ በማሽን ምን ለውጥ አለው? ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አይለየውም።» ባለቤቱን አገናኘኝ ስለው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ዘጋው። እኔ ገና እያወራሁ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ይህቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም። ጥቁርና ነጭ እኮ ነው።

ልዩነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም እንኳ የእናንተ ሙያ ቢሆን። ብዙ ቀለም ያለበት ሥዕል ላይ አንድ ጥፋት ብትኖር ሌላው ቀለም ይሸፍናታል። እኔ ያዘዝኩት ሥዕል ግን ያለው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ቡና ስትቀዳ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወርድ፣ አንገቷ፣ የያዘችው ጀበና። ሌላው ባዶ ነጭ ሸራ ነው። መስመሩ የት እንደወፈረ፣ የት እንደቀጠነ፣ ሰዓሊው እጁን የት እንዳነሳ፣ ሥዕሉ ማለት ይኸው ነው። እሱ ከሌለ ምን ቀረ? ሰዓሊው ፒካሶ ጌርኒካ የተባለውን ታዋቂ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሠራ የተጠቀመው ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። ወርዱ ከ7 ሜትር ይበልጣል። እሱንም ጥቁርና ነጭ እኮ ነው ትሉታላችሁ?

ደግሞ ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ሱቃችሁ ውስጥ፣ እናንተ ባላችሁበት፣ ሰዓሊው ራሱ ነው ያስረዳኝ። አይቮሪ ብላክ የሚባለው ጥቁር ቀለም ሲቀጥን ወደ ቡናማ እንደሚያደላ፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራው ሌላው ጥቁር ቀለም፣ ማርስ ብላክ ግን ሸራውን በደንብ እንደሚሸፍን፣ ማታ ማታ ቢጫ አምፖል ስለማበራም ለእኔ ማርስ ብላክ እንደሚሻል ነገረኝ። «የጀርባዋን መስመር በአንድ ትንፋሽ ነው የምስለው፣ ከተበላሸ ሸራውን ጥዬ አዲስ እጀምራለሁ» ነበር ያለኝ። እኔ ያን 28,000 ብር የከፈልኩት ለዚያ ትንፋሽ ነው። እናንተም አጠገቡ ቆማችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አጸደቃችሁ።

የመጣልኝን አቅርቤ ሳየው ጥቁሩ መስመር ውስጥ ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣብ አለ። ነጩም ነጭ አይደለም፣ ግራጫ ነገር ነው። ከላዩ ላይ ብሩሽ የነካው እንዲመስል ግልጽ ጄል ተቀብቷል፤ ግን የብሩሹ ዱካ መስመሩን አይከተልም፣ የእናቴን አንገት አቋርጦ ያልፋል። እውነተኛ ቀለም ቢሆን ዱካው አብሮ ይወርድ ነበር። ቀባችሁት እንጂ አልሳላችሁትም። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ፕሪንት መሸጥ ነውር የለውም። ፕሪንት ነው ብላችሁ በፕሪንት ዋጋ ብትሸጡልኝ ምናልባት እገዛችሁ ነበር።

እስካሁን ዝም ብዬ ያለፍኩት ነገርም አለ። የመጀመሪያው ንድፍ ሲመጣ የእናቴን ፊት በጎን አዙራችሁ አንድ ዓይን ብቻ አደረጋችሁላት። ፊት አይሳል ብዬ ነበር እኮ። አክስቴ አይታ ደነገጠች። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው፣ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ነው የሚሳሉት። ይህን ማንም አገር ቤት ያደገ ያውቃል። ተስተካከለ፣ እኔም ተውኩት። ለፋሲካ ይደርሳል ተብሎ ከፋሲካ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። በየሳምንቱ «ነገ» ነበር መልሱ። ሶፋዬ 2 ሜትር ከ10 ስለሆነ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ይሁን ብላ ወርዱን 140 ሴንቲ ሜትር ያስወሰነችኝ የእናንተው ሠራተኛ ናት። የመጣው 120 ነው። ክፈፉ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ያመጣው ልጅ ደግሞ ደውሎ እንኳ ሳይነግረኝ ለጥበቃው ጥሎት ሄደ። ደረሰኝ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም።

ሐሙስ ስደውል እንደገና ይሳልልኝ ብቻ ነበር ልላችሁ ያሰብኩት። አሁን ግን እሱን አልፈልግም። ምክንያቱም ትናንት ቻናላችሁን ስከፍት የእናቴን ሥዕል አየሁት። ያው አንገት፣ ያው ነጠላ፣ «በፈለጉት መጠን ይዘዙ» ተብሎ። ማንን አስፈቅዳችሁ ነው? እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። እሷ ለማንም ሳሎን ማስጌጫ እንድትሆን አይደለም ፎቶዋን ያመጣሁላችሁ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከቻናሉ ይውረድ፣ ፋይሉም ይጥፋ። ለማን ለማን እንደሸጣችሁትም ንገሩኝ። 28,000 ብሩ በሙሉ በአሥር ቀን ውስጥ ይመለስልኝ፣ ፕሪንታችሁን መጥታችሁ ውሰዱ። የደወለ ሰው ላይ ስልክ የዘጋው ልጅም ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ እንዲቀጣ አልፈልግም፣ እንዲያ በል ያለው ሌላ ሰው እንደሆነ ሰምቻለሁና። ካልሆነ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶኛል። በእጅ የተሳለ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ መልእክት እጄ ላይ አለ።

ከሁሉም በፊት ግን ፎቶውን መልሱልኝ። ለሦስት ቀን ብላችሁ የወሰዳችሁት፣ ጥጉ የታጠፈው፣ ከጀርባው የእናቴ የእጅ ጽሑፍ ያለበት። ሌላ ቅጂ የለኝም። ነገ ከሰዓት ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ፈልጋችሁ አዘጋጁልኝ። ለቀረው መልሳችሁን በጽሑፍ ላኩልኝ፣ በስልክ መነጋገሩ በቅቶኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰሚቷ ደንበኛችሁ