የዓሣ ማጥመድ ክበብ፦ ክር የማላላት ዓመት

የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የዓሣ ማጥመድ ክበብ ዘንድሮ የሠራው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ በሚሄደው ማታለያ። ልጆቹ በእንግሊዝኛው «ቶፕዎተር» ይሉታል፤ «ማታለያ» የሚለውን የመረጥነው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዳር ላደጉ ወላጆች ትል ሰክቶ መጠበቅ አዲስ አይደለም። እዚህ ግን ትልም ሽታም የለም። ባስ የተባለው ዓሣ ተስፈንጥሮ የሚመጣው የቆሰለ ትንሽ ዓሣ ያየ መስሎት ነው፤ ያንን ቁስለኛ የሚያስመስለው ደግሞ የአጥማጁ የእጅ አንጓ ነው።

ማታለያው ሲጃራ የመሰለ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ከሁሉ የታወቀው የሄዶን «ዛራ ስፑክ» ሲሆን በፕላስቲክ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። 4 ከግማሽ ኢንች የሚረዝመው ለልጅ እጅ ይከብዳል፤ 3 ከግማሽ ኢንችና ግማሽ አውንስ የሆነው ታናሹ በ6 ጫማ ከግማሽ ዘንግ በደንብ ይወረወራል። ክሩ የሚታሰርበት ቀለበት ያለው አገጩ ሥር ነው። ክሩ ለአፍታ ሲነጠቅ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ወዲያው ክሩ ሲላላ በዞረበት በኩል ይንሸራተታል። ቀጣዩ ንጥቂያ የሚደርሰው አፍንጫው ዞሮ ሳለ ስለሆነ ወደ ሌላው ጎን ይመልሰዋል። ክሩ እንደተወጠረ ከቆየ ግን የሚንሸራተትበት ዕድል አያገኝም፤ እንደ ተጎታች ጀልባ ቀጥ ብሎ ይመጣል።

ዓመቱን ሙሉ የታገልነው ከዚችው ከውጥረት ጋር ነው። ልጅ ዘንግ ሲይዝ መጎተት ያምረዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማታለያው ውሃ ላይ ሲያርፍ የፈጠረው ክብ ሞገድ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ የዘንጉ ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፤ በአንጓ ብቻ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠቅና ጫፉ ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል። የሚረሳው ይህ መመለስ ነው። ሪሉ፣ ማለትም የክሩ መጠምጠሚያ፣ በእያንዳንዱ ንጥቂያ የሚዞረው ሩብ ዙር ያህል ነው፤ ያውም የተረፈውን ክር ለመሰብሰብ እንጂ ማታለያውን ለመሳብ አይደለም። ምቱን ያስለመድናቸው በከበሮ ነው፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው በምቱ ይነጥቃል። እስክስታ የሚችሉት ቶሎ ገባቸው፤ ትከሻ ከመወርወሩ ይልቅ መልቀቁ እንደሚከብድ ያውቃሉና።

በመስከረምና በጥቅምት የወጣነው ሜሪላንድ ውስጥ ወዳሉት ወደ ሊትል ሴኔካ ሐይቅና ወደ ክሎፐር ሐይቅ ነበር። ውሃው ገና ሞቃት ስለሆነ፣ ባሱም ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ ወደ ዳር ስለሚጠጋ፣ ለዚህ ማታለያ መልካም ወቅት ነው። ማለዳና ምሽት፣ ወይም ደመና ያለበት ቀን ይመረጣል። ውሃው በነፋስ ትንሽ ሲሸበሸብ ይረዳል፤ ሲናወጥ ግን ማታለያው ከሞገድ ሞገድ እየዘለለ ምቱ ይጠፋል፣ ያኔ ሣጥኑን ዘግቶ ሌላ ዘዴ መያዝ ነው። ከፍ ያለ ድልድይ ወይም የእንጨት መረማመጃ ላይ መቆምም ችግር አለው፤ ክሩ ከላይ ሲስብ አፍንጫውን ከውሃ ያነሣዋል። ከዳር፣ ከውሃው እኩል ሆኖ መቆም ይሻላል።

ብዙ ጊዜያችንን የበላው ክሩ ራሱ ነው። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ስለሚሰጥም አፍንጫውን ወደ ታች ይጎትታል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተጎነጎነው ክር ደግሞ ይንሳፈፋል፣ ግን ልል ስለሆነ ሲላላ ፊት ባለው መንጠቆ ላይ ይጠመጠማል። መፍትሔው ጫፉ ላይ 2 ጫማ ያህል 15 ፓውንድ የሚችል ናይሎን መቀጠል ነው፤ ናይሎን እንደ ፍሎሮካርቦን ቶሎ አይሰጥምም፣ ጠንከር ስለሚልም ከመንጠቆው ይርቃል። ቋጠሮው የማታለያውን ቀለበት አንቆ ከያዘ መወዛወዙ ይቀንሳል፤ የቁልፍ መያዣ የመሰለችውን ትንሽ ቀለበት ማስገባት ወይም ክፍት ዓይን ያለው ልል ቋጠሮ መቋጠር ያስፈልጋል። ማታለያው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ከተንሳፈፈ ጆሮ ላይ አስጠግቶ ማንቀጫቀጥ ነው፤ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባው አይጠገንም፣ ይጣላል።

በክረምቱ ብርድ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ሸራ ወለል ላይ ክር ጫፍ አንዲት ቁልፍ አስረን፣ ቁልፏ በነጠቁ ቁጥር አንድ ጣት ያህል እንድትራመድና ክሩ ወለሉ ላይ ተኝቶ እንዲቀር አለማመድን። ቀልድ ይመስላል፤ ሆኖም ውሃ ዳር ከሚደረገው ልምምድ ይልቅ ስሕተትን የሚያሳየው ይህ ነው፣ የተወጠረ ክር ወለል ላይ አይተኛምና። ባለ ሦስት ጣት መንጠቆዎቹንም አውጥተን ሾሃቸውን በፒንሳ ጨፈለቅን። ዓሣ ትንሽ ያመልጣል፣ መንጠቆው ግን ከልጅ ጣት በቀላሉ ይወጣል።

በጸደይ የውሃው ሙቀት 60 ፋራናይት እስኪደርስ ጠብቀን ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ወረድን። ላይኛው ክፍሉ ላይ ያለው «ትንሽ አፍ ባስ» የሚባለው የባስ ዓይነት የወንዙ ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1854 በባቡር ጋሪ የውሃ ታንክ ተጭኖ የመጣ መጤ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወደዱት፤ እኛም አልተከፋንም። ታችኛው ክፍል ላይ የሚገኘው ስኔክሄድ የሚባለው ዓሣ የመጣው ከሱ በጣም ዘግይቶ ነው፤ እሱም ይህንኑ ማታለያ ይነክሳል፣ በሕይወት ይዞ መሄድ ግን በሕግ ክልክል ነው።

ያኔ የቀረን ትልቁ ትምህርት ንክሻው ነው። ውሃው ሲፈነዳ ሁሉም ዘንጉን ወደ ኋላ ይመነጭቃል። ባስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ንክሻ ማታለያውን ይስታል፤ ያኔ የተመነጨቀው ማታለያ ስድስት ሹል ጣት ይዞ ወደ ፊት ይበርራል። ስለዚህ ሁለት ሕግ አለን፦ መነጽርና ባርኔጣ ያላደረገ ዘንግ አይነካም፤ ፍንዳታ ሲሰማም ምቱ አይቋረጥም። የዓሣው ክብደት ዘንጉ ላይ ሲሰማ ብቻ ዘንጉን ወደ ጎን መሳብ ነው። ከሳተ ማታለያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ማቆም፤ ሁለተኛው ንክሻ ብዙ ጊዜ በዚያች ቆም ባለች ቅጽበት ይመጣል።

«ጾም ሲገባ እንኳ ይዛችሁልን አትመጡም» ላሉን ወላጆች፦ በጸደይ ወንዱ ባስ ጎጆውን የሚጠብቅበት ጊዜ ስለሆነ ሁሉንም እንለቃለን፤ እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ቶሎ መመለስ ነው።

ለመስከረም ሣጥናችን ውስጥ ያሉት ማታለያዎች ይበቃሉ፣ አብዛኞቹ አጥንት መሰል ነጭ ናቸው፤ ለድንግዝግዝ ጥቁር ቢጨመር መልካም ነው። የጎደለን ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳና የናይሎን ክር ነው። 16 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎች የሜሪላንድ የማጥመጃ ፈቃድ ይዘው ይምጡ።