ሳቫና አትላንቲክን የተሻገረችው በሸራዋ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ መርከብ ታሪክ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ሳቫና የተባለችው የአሜሪካ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1819 አትላንቲክ ውቅያኖስን በእንፋሎት ኃይል በማቋረጥ ቀዳሚ እንደሆነች ተገልጿል። አባባሉ በየቦታው ሲደጋገም የኖረ ቢሆንም፣ ለዓመታት በንግድ መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ የሠራሁ በመሆኔ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ሳቫና ኒው ዮርክ ውስጥ መሠራት የጀመረችው እንደማንኛዋም ባለ ሸራ የንግድ መርከብ ነበር። ካፒቴን ሞዝስ ሮጀርስ የሳቫና ከተማን ነጋዴዎች አግባብቶ ካስገዛት በኋላ 90 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ተገጠመላት፤ በግራና በቀኝ ጎኗም ባሕሩ ሲናወጥ ታጥፈው ወደ ላይ የሚነሡ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች ተደረጉላት። ሦስቱ ምሰሶዎቿና ሸራዎቿ ግን በቦታቸው ቀሩ። ሜይ 22 ቀን 1819 ከሳቫና ወደብ ስትነሣ አንድም መንገደኛ አልተሳፈረባትም፤ በእንጨት መርከብ ሆድ ውስጥ እሳት አንድዶ ውቅያኖስ ላይ መውጣትን ሰው ፈርቶት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልሳፈርባትም ነበር።

ወደ ሊቨርፑል የተደረገው ጉዞ 29 ቀን ከ11 ሰዓት ሲፈጅ፣ ሞተሩ የሠራው በድምሩ ለ80 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው፤ የጫነችው 75 ቶን ያህል የድንጋይ ከሰልና የተወሰነ ማገዶ እንጨት ሲሆን፣ የዚያን ዘመን ሞተር ነዳጅ ያለ ልክ ይበላ ስለነበር ኮርክ ከተባለው የአየርላንድ ወደብ አጠገብ ስትደርስ እንፋሎት ለማስነሣት የሚሆን ከሰል እንኳ አልቀራትም። ከዚያ ቀደም ብሎ ጭሷን ከአየርላንድ ዳርቻ ያዩ ጠባቂዎች ተቃጠለች ብለው ካይት የተባለችውን የመንግሥት መርከብ ለእርዳታ ልከውላት ነበር፤ ካይትም ሸራ ሳትዘረጋ የምትሄደውን ይህችን «የምትነድ» መርከብ ለመድረስ ለሰዓታት ስታሳድዳት ቆየች።

ሮጀርስ መርከቧን ስቶክሆልምና ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ ወስዶ ቢያሳይም ገዢ አላገኘላትም፤ ወደ አገሯም በሸራ ተመለሰች። በ1820 መጀመሪያ ሳቫና ከተማን ያወደመው ቃጠሎ ባለቤቶቿን ለኪሳራ ስለዳረጋቸው መርከቧ ተሸጠች፤ ሞተሩም ተነቅሎ በ1,600 ዶላር ተሸጠ። ሞተሩና ከሰሉ ይዘውት የነበረው ቦታ ለሸቀጥ ተለቀቀ፤ ለነጋዴው ትርፉ እዚያ ነበርና። ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክና በሳቫና መካከል በሸራ ብቻ ስትነግድ ቆይታ ኖቬምበር 5 ቀን 1821 ሎንግ አይላንድ ዳርቻ ላይ ተሰባብራ ቀረች።

ለሙሉው ጉዞ በእንፋሎት መታመን የሚቻል መሆኑ በአደባባይ የታየው በ1838 ሲሪየስና ግሬት ዌስተርን የተባሉት የእንፋሎት መርከቦች በአንድ ቀን ልዩነት ኒው ዮርክ ሲገቡ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ሳቫና «የእንፋሎት ሞተር ገጥማ አትላንቲክን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ባለ ሸራ መርከብ» ተብላ እንድትታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የመርከብ መካኒክ፣ አዲስ አበባ