ቅዳሜ ወደ አሞራ ገደል

ሰላም ውድ አባላት፣

ባለፈው ስለ ባሕር ኤሊ ሳነሣ «ሐዋሳ ባሕር የላት፣ የባሕር ኤሊ ምን አገባን?» ላላችሁት፦ ኤሊው የሚተነፍሰው በሳንባ ነው። ተጥሎ የቀረ የዓሣ መረብ ከያዘው ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ታፍኖ ይሞታል። በሕይወት የተገኘውን ባለሙያዎች ቁስሉን አክመው፣ አንዳንዴ ለወራት በገንዳ አቆይተው ነው ወደ ባሕር የሚመልሱት። ፌስታልንም ጄሊፊሽ (የሚበላው ለስላሳ የባሕር እንስሳ) መስሎት ይውጠዋል። (ጄሊፊሽ አይቼ አላውቅም፤ ፌስታሉን ግን በየቀኑ አያለሁ።)

የእኛ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባው ቆሻሻ እዚያው ነው።

የሐይቁን ዳር ለማጽዳት ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው በር ላይ እንገናኝ። ጓንትና ባዶ ማዳበሪያ ያዙ። መረብ የያዘው ወፍ ካገኛችሁ ክሩን አትጎትቱ፣ እግሩን ይቆርጠዋል፤ ጥሩኝ፣ መቀስ እይዛለሁ። የዓሣ ሾርባው በየኪሳችን ነው።