ለአባባ፣ ከዊትቢ፣ እንግሊዝ

ይድረስ ለአባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ታምሩ በትልቅ ፊደል አትሞ ይሰጥዎታል፤ መነጽርዎን አይፈልጉ። ናርዶስ የፊት ጥርሷ ወልቋል። እርስዎ በስልክ የነገሯትን ይዛ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አስቸገረችኝ። በመስኮት ወረወረችው፣ የጎረቤት መኪና ላይ አረፈ።

ዊትቢን ሳያውቋት አይቀሩም። ካፒቴን ኩክ የተጓዘባት ኢንደቨር እዚህ ተሠርታ ነው በ1764 እ.ኤ.አ. ውሃ ላይ የወረደችው። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ መስመሯን በቀይ ጠመኔ ይስሉልን ነበር። ስለ ሥራዬ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ።

የምሠራበት ዓሣ ቤት ወደቡ ዳር ነው። በጋ ላይ ሰልፉ ውጭ ድረስ ይወጣል። ዮርክሻየር ውስጥ ዓሣ ማለት ሃዶክ ነው፣ ኮድ የደቡቦቹ ነው ይላሉ። የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው፤ ስለዚህ በጾም አልነካውም፣ ይህንን እንኳ አይስጉ። አጠገቡ የሚቀርበው አተር አድሮ ተዘፍዝፎ የተቀቀለ ነው፣ በርበሬ የተረሳበት ክክ ወጥ በሉት። ባለቤቱ ሞራው ትንሽ ከጠቆረ ያስደፋል። ተጠብሶ የቆየ ዓሣም ለሰው አያቀርብም። ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ዓሣውን በጅራቱ ይዤ ሊጡ ውስጥ እነክረዋለሁ። ትርፉ ጠብ ጠብ ብሎ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጫፉን ብቻ ሞራው ውስጥ ከትቼ ትንሽ እይዘዋለሁ፤ ሊጡ ነፋ ሲል ከራሴ ወደ ማዶ አጋድሜ እለቀዋለሁ። ቸኩለው ከለቀቁት ታች ይጣበቃል፣ ሞራውም ክንድ ላይ ይረጫል። መጀመሪያ ሰሞን ክንዴ ጠባሳ በጠባሳ ነበር።

ያኔ ነው «ዓሣ ልትጠብሺ ነው ያስተማርኩሽ? ይሄንንማ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ማንም ይሠራዋል» ያሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሐዋሳ ስመጣ ግን ለቡና የተጠራው ጎረቤት ሁሉ «የሆቴል ሥራ አስኪያጇ መጣች» አለኝ። እርስዎ ቀና ብለው አላዩኝም። አባባ፣ ያ ነገር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። የታምሩ ኮሌጅ የተከፈለው በዓሣ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ የተቀየረው በዓሣ ነው። ሥራ አስኪያጅ የሚባል ሰው አንድ ብር አልላከም።

ይቅር፣ ለጠብ አልጻፍኩም። እዚህ የባሕር ወፎቹ ድንቹን ከሰው እጅ ነጥቀው ይሄዳሉ። የሐይቃችን ወፍ አባ ኮዳ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

ታምሩ የእግርዎን ፎቶ ልኮልኛል። ጣትዎ ጠቁሯል። ሐኪሙ ያለውን ነግሮኛል፣ እርስዎ የመለሱለትንም። «በሙሉ አካሌ ነው የምቀበረው» ብለዋል አሉ።

እዚህ ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ መውጫው 199 ደረጃ ነው። ናርዶስ ስትቆጥር መሃል ላይ ይጠፋባታል። «አያቴ ሲመጡ አብረን እንቆጥራለን» ትላለች። እኔ ወሬ እቀይራለሁ። ጣት የጎደለው ሰው እኮ ደረጃ ይወጣል። ጥቁረቱ ወደ ላይ ከሄደ ግን፣ ስኳር ምን እንደሚያደርግ ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ጋሽ በላይን አይተዋል። ሰሞኑን ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን ውሃ የነካው የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ፍሪጁ ላይ አይወሰኑ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲያወልቁ ወፍራሙን ካልሲ ያድርጉ፤ ለዚሁ ነው የላክሁት፣ ሳጥን ውስጥ አያኑሩት። ጸበሉን አልከለክልም። ፋሻው ግን እርጥብ ሆኖ አይቆይ።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ብሩ ታምሩ ጋ ገብቷል። እሺ ካሉ ራስዎ ይደውሉልኝ፣ በሱ በኩል አልፈልግም። ሐኪሙ ደግሞ «ወጪውን የምትሸፍነው ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ብሎ ከጠየቀዎት፣ ዓሣ ትጠብሳለች ይበሉት።

ልጅዎ