ሳራዬቮ ስትደርሺ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከክፍልሽ ልጆች ጋር የቦስኒያን ዋና ከተማ ሳራዬቮን ልትጎበኙ ነው ስትዪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዕድሜዬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ላሳለፍኩት ለእናትሽ ያቺ ከተማ ልዩ ናት። ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ የድሮ መጽሐፍ መጠበቅ ለማን ይጠቅማል?» ብለሽኝ ነበር። ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

መጀመሪያ ቪዬችኒጻ ሂጂ። ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ሕንፃ ነው። በፈረንጆቹ 1896 ለማዘጋጃ ቤት ተሠርቶ ኋላ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ከተማዋ ለአራት ዓመት ገደማ በሰርብ ኃይሎች ተከባ ነበር። በ1992 ኦገስት መጨረሻ ከተራራው ላይ በመድፍ መቱትና ነደደ። ከሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ነበሩበት፤ አብዛኛው አመድ ሆነ። ሠራተኞቹና የሰፈሩ ሰዎች ግን ተኩስ እየዘነበባቸው የቻሉትን ያህል መጽሐፍ እየተቀባበሉ አወጡ። አንዲት ወጣት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በዚያ ሰሞን በመድፍ ተገደለች። ሕንፃው በ2014 ታድሶ ተከፍቷል፤ በጣም ያምራል። የተቃጠለው ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወደ ጋዚ ሁስሬቭ ቤግ ቤተ መጻሕፍት እለፊ። የተመሠረተው በ1537 ነው። በከበባው ጊዜ ሠራተኞቹ የእጅ ጽሑፎቹን በሙዝ ካርቶን እየያዙ፣ አነጣጣሪ ተኳሽ በሚጠብቀው መንገድ ከቦታ ቦታ አሸሹ። ከነሱ መሃል የጽዳት ሠራተኛዋና ከኮንጎ የመጣ የሌሊት ጥበቃ ነበሩ። ልጄ፣ ይሄን ስሰማ አልቅሻለሁ። ከአፍሪካ የሄደ ዘበኛ የማያውቀውን አገር ቅርስ በነፍሱ ተወራርዶ ጠበቀ!

ብሔራዊ ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ሃጋዳ የሚሉት የአይሁድ የፋሲካ መጽሐፍ አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ውስጥ በብራና ላይ በሥዕልና በወርቅ ተሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ሊወስዱት ሲመጡ የሙዚየሙ ባልደረባ ደርቪሽ ኮርኩት ደበቀው። ሰውዬው ሙስሊም ነበር። መጽሐፉን ሁልጊዜ ለጎብኚ አያሳዩትም፤ ሰዓቱን አስቀድመሽ ጠይቂ። ሙዚየሙ ራሱ በ2012 በገንዘብ እጦት ተዘግቶ ነበር። ሠራተኞቹ ግን እስከ 2015 ያለ ደመወዝ እየገቡ ዕቃውን ጠበቁት። በሥራ ላይ ያገኘሻቸውን በኔ ስም አመስግኚልኝ።

ሌላውን ራስሽ ታገኚዋለሽ። በባሽቻርሺያ ገበያ መዳብ ቀጥቃጮቹ ያሉበት ጎዳና አለ፤ የቡና ማፍያ ጀበናቸውን እዚያ ታያለሽ። ማታ ሴቭዳህ የሚባለውን ዘፈናቸውን ስሚ። ቃሉ ባይገባሽም ትዝታ ለለመደ ጆሮ ባዳ አይሆንም። የፊልም ፌስቲቫላቸውም ዝነኛ ነው። የተጀመረው በ1995፣ ከበባው ሳያበቃ ነው። መብራትና ውኃ የተጠማ ሰው ሲኒማ ተሰለፈ! ብዙ ጎብኚ የሚሮጠው በከበባው ጊዜ ከመሬት በታች የተቆፈረውን የጦርነቱን ዋሻ ለማየት ነው፤ እሱንም እዪው። ለኔ ግን የከተማዋ ትልቁ ታሪክ መጻሕፍቱን የተሸከሙት ሰዎች ናቸው።

ስትመለሺ ደውዪልኝ፤ ሃጋዳውን ካየሽ ስለ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ። ብርድ ነውና ካፖርትሽን አትርሺ። እመብርሃን ትጠብቅሽ።

የምትወድሽ እናትሽ